አንገት እና በር

ብሩክስ፣ አልበርታ፤ ጥር ወር፣ ሠላሳ ከዜሮ በታች፤
ትርንጎ ከሌሊት ፈረቃ ቢላዋዋን አስረክባ መጣች፣
የሃያ ሳምንት ፅንሷን በሁለት እጇ ደግፋ፣
የሥጋ ፋብሪካው ቅዝቃዜ ከጣቷ ገና ሳይጠፋ።

ዶክተር ፍሪሰን ከስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ጥላ አሳየን፤
ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ዝም አለ፤ ተራ በተራ አየን።

የኔ ሥራ ማስተርጎም ነው፤ ድልድይ ነኝ፤ ድልድይ አይናገርም፣
የጫኑትን ያሻግራል እንጂ ከራሱ አንድ ቃል አይጨምርም።

«ሰርቪክስ» አለ ሐኪሙ። አንገት ማለት ነው በላቲን፤
ማን ቀድሞ እንዳለው እንጃ፤ ብቻ ያ ሰው ማህፀንን
ቁልቁል እንደ ተሰቀለ ቅል ሳያየው አልቀረም፤
ሆዱ ሰፋ ያለ፣ አንገቱ ቀጠን፤ መቼስ መልኩን አልሳተም።

ከዚያ ሌላ ቃል አስከተለ፣ ሰው ከሥራ የሚያስባርር ቃል፦
ብቃት የሌለው አንገት። ይሄ በምን አፍ ይባላል?

ቃሉን ዋጥኩና «አንገቱ አጥሯል» አልኩ፣ ለስለስ አድርጌ።
እጇ ጉሮሮዋ ላይ ሄደ። «የማን አንገት? የልጄ?

እኔ እኮ ሌሊቱን ሙሉ አንገት ነው የምገነጥለው፤
ሰንሰለቱ በሬ ሲያመጣ፣ እዚህ ጋ ነው የምበልተው፤
ግፉ ነው? የቆረጥኩት አንገት ነው ዞሮ የመጣብኝ?
አንቺ ታውቂያለሽ፤ ንገሪኝ፣ ምንም እንዳትደብቂኝ።»

ድልድዩ ያኔ ተናገረ።
ደንቡን እያወቅሁ ጣስኩት፤ ሐኪሙን «አንዴ ታገሠኝ» አልኩት።
«ትርንጎ፣ አንገት የነሱ ነው። የኛ ቃል ሌላ ነው፦ በር።
የማህፀን በር።»
                    «በር?»
                              «በር።»

ቀሪውን አልነገርኳትም፣ ለራሴ ነው ያሰብኩት፦
የላቲኑ ሰው ሬሳ ከፍቶ፣ መብራት ይዞ ይታየኛል፤
በር ያለችው ግን በጨለማ ደጅ ስትጠና ይመስለኛል፣
ጣቷን ዘርግታ፣ ምጥ እየቆጠረች፣
እንግዳው በሰላም እስኪመጣ።

«ያንቺ በር ያለ ሰዓቱ ላላ፤ አንቺም እሱም ጥፋት የለባችሁም።
ነገ ካልጋሪ ይወስዱሻል፤ በክር ይሰፉታል፣ ስታደንዢ አያምሽም፤
መቀርቀሪያ በይው። ወሩ ሲገባ ይፈቱታል።»

ረጅም ዝምታ። ከዚያ፣ «ክሩ ወፍራም ነው?» አለች።
ለሐኪሙ አሻገርኩት። ሳቀ። «ወፍራም ነው» አልኳት። ተነፈሰች።

ስንወጣ የክሊኒኩ በር፣ ሳይነኩት በራሱ የሚከፈተው፣
ገና አሥር እርምጃ ሲቀረን ወለል አለ፤
ነፋሱ በረዶ አዝሎ ሰተት ብሎ ገባ።
ትርንጎ ሆዷን በኮቷ ሸፍና በሩን ገላመጠችው፤
«ይሄም ክር ያስፈልገዋል» አለች።