ኦር

ሱ ፎልስ፣ ደቡብ ዳኮታ። ጥር ነው። ሰኞ ጧት።
ከአሳማው ፋብሪካ ላይኛው ደርብ፣ ሦስት ወንበር ባለበት፣
ነርሷ ማርሊስ ወዲያ፣ አስካለ ወዲህ፣ እኔ መሐል ቤት።

የአስተርጓሚ ሕጉ አንድ ገጽ ነው፤ ፈርሜበታለሁ፦
አትጨምር፣ አትቀንስ፣ አትምከር፣ አትዘን።
አትዘን የሚለውን ግን እኔ ነኝ የጨመርሁ።

አስካለ ቀኝ እጇን ከጓንቷ አወጣች። አንጓው አብጧል።
ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከማትቀምሰው ሥጋ፣
ጭን ከዳሌ ስትለይ፣ መጋጠሚያ ስትፈታ፣ ሲመሽና ሲነጋ፣
አሁን የራሷው መጋጠሚያ፣ ቢላ ሳይነካው፣ ተናጋ።

ማርሊስ ክፉ አይደለችም። ጠረጴዛዋ ላይ የልጅ ልጆቿ ፎቶ፣
አጠገቡ የከረሜላ ሳህን።
«ቀላል ሥራ ትይዛለች ኦር ቤቷ ትሄዳለች» አለች፣ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ ወደኛ፤
ድምፅዋ አልወጣ፣ አልወረደ፤ እንደ አገሯ ሜዳ ለጥ ብሎ ተኛ።

ኦር። አንድ ትንፋሽ ናት፤ ከከንፈር ሳትርቅ ታልቃለች፤
እኔ ዘንድ ስትደርስ ግን ሦስት በር ታንኳኳለች።

ወይስ ነሽ?
እንግዳ «ምን ይምጣልህ?» እንደሚባለው፣
ጠይቀሽ፣ ጆሮሽን አቅንተሽ፣ መልስ የምትጠብቂ?
ወይም ነሽ?
ያም ሆነ ይህ ሆነ ግድ የማይሰጥሽ፣
ሁለት ከረጢት ባንድ ትከሻ አንጠልጥለሽ የምትዘልቂ?
ወይስ፣ ይኸው በራስሽ ጠየቅሁሽ፣ አለዚያ ነሽ፣
ከኋላ ቢላ ይዘሽ ከፊት የምትስቂ?

በኛ ቤት ጠያቂው ወይስና አውሪው ወይም ባንድ አልጋ አያድሩም፤
ቢመሳሰሉም መታወቂያ አይዋዋሱም።
እንግሊዝኛ ግን ለሦስት ሰው አንድ ካፖርት ሰፍቶ፣
ማን እንደ ለበሰው ከዜማው ለዩት ይላል፤ ዜማው ግን ተኝቶ።

«መስተጻምር» ይሉት ነበር የሰዋስው መምህራችን አቶ ድንበሩ፤
«የቃል ጉልበት ነው! ያለሱ ዐረፍተ ነገር ሁለት እንጨት ነው!»
ይሉና የገዛ ጉልበታቸውን በጠመኔ እጃቸው ይመቱ ነበር፤
ሱሪያቸው እዚያ ላይ፣ ከማስረዳት ብዛት፣ ነጭ ሆኖ ቀርቶ ነበር።

እጄን አነሣሁ። ሕጉ ይፈቅዳል። «አስተርጓሚው ማብራሪያ ይጠይቃል፦
የትኛዋ ኦር?»
ማርሊስ ሳቀች። «ኦር፣ ኦር ነች። ይህም ይጠየቃል?»
ከረሜላ ሰጠችኝ።

«ምን አለች?» አለች አስካለ።
ዝም ስል፣ ከወለሉ ሥር ሰንሰለቱ ይሰማል፣ የተሰቀለውን ይዞ ሲዞር፤
ከረሜላው አፌ ውስጥ ነው፤ ውጬው ነው የምናገር።
«አንዲት ቃል ናት» አልኳት። «ወይስም ትሆናለች፣ ወይምም፤ አለዚያም ሳይኖርባት አይቀርም።
የቷ እንደሆነች እሷም አላየችው። እኔም አላውቅም።»
ሕጉ እዚህ ላይ ተሰበረ። ድምፅ እንኳ አላሰማም።

አስካለ ወረቀቱን አየችው፤ ከግርጌው ለፊርማ የተተወ ባዶ ቦታ።
«ንገርልኝ» አለች፣ በግራ እጇ ያበጠውን ደግፋ፣ ተረጋግታ፦
«እስኪድን ቤቴ ነኝ፣ እና ደመወዜ አይቆረጥም፣ እና ሲድን እመለሳለሁ።
እንግሊዝኛ እና የለውም እንዴ?»
«አለው» አልኳት። «አጭር ነው፤ አሁን እለዋለሁ።»

ተረጎምኩ። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። «ኤንድ» ስል፣ ለአስካለ ጆሮ «አንድ» መሰላት፤
«አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው በላት!» ብላ፣ ከዚያ ካበጠው እጅ
የሚዘረጉላትን ሁለት ጣቶች አሳየቻት።

ማርሊስ ብዕሯን አነሣች፤ ወረቀቱ ላይ ሳታሳርፍ አየር ላይ ያዘችው።
«ኤንድ?» አለች፤
ድምፅዋ፣ ከጧት ጀምሮ አሁን ገና፣ ሽቅብ ወጣ።