ሰኞ ተነሥታ እሑድ ደረሰች

ከፋሌኦሎ ተነሥቶ ፓጎ ፓጎ ለሚወርድ
መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው፣ በአየር ለሚሄድ።
ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ ነፋስ ካልከፋ በቀር፤
የአንድ ማስቲካ ጣዕም ሳያልቅ የሚያልቅ ሰማይና ባሕር።

ግን መሐል ውሃው ላይ አለ የማይታይ ወሰን፣
ቀንን የሚቆርጥ ከቀን።
ወዲህ ሰኞ ያለው ንጋት ወዲያ ማዶ ገና እሑድ፤
ሎሴም ትናንትን ልትይዝ በዛሬ ጠዋት ልትሄድ።

ትንሽ ናት አውሮፕላኗ። ሰው እንደ ጆንያ ይመዘናል።
«ሰማንያ ዘጠኝ!» አለ ልጁ፤ ተሰላፊው ሁሉ ሰምቷል።
«ከነሰሌኑ ነው!» አለች። ሰሌኑ ግን ሁለት ኪሎ አይደፍን፤
እናቷ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሰንጥቃ ክር ክር ቅጠሉን፣
ጎንጉና ጎንጉና እንደ ሐር ያለዘበችው፤
ለእህቷ ለሲኤኒ ነው ዛሬ የተሸከመችው።

ጠቡ እንዲህ ነው፦
እናት ፓጎ ፓጎ ታማ እዚያው ሆስፒታል ዐረፈች፤
ሲኤኒ እጇን ይዛ ነበር፤ ሎሴ በስልክ ሰማች።
ሲኤኒ ዘንድ ረቡዕ ነበር፣ ወሩ በገባ በስምንት፤
ሎሴ ስልኩን ስታነሣ ሐሙስ ነው፣ ዘጠኝ ሌሊት።
አስከሬኗ አገሯ መጣ፣ ከሎሴ ደጅ አፈር ለበሰ፤
ድንጋዩ ላይ «ዘጠኝ» ተባለ፤ ወሬው ማዶ ደረሰ።

«በእናቴ ዕድሜ ላይ አንድ ቀን ማን ጨምሪ አለሽ?» አለቻት።
«አንቺስ ማን ቀንሺ አለሽ? አንድ ቀን ሙሉ ሰረቅሻት!»
ከዚያ ወዲያ የተባባሉት እዚህ አይጻፍም፤ ይቅር።
ስልኩን የዘጋችው ሎሴ ናት፣ ከአንድ ክፉ ቃል ጋር።

ሲኤኒ ከጸሎት ተመልሳ፣ ነጭ ቀሚሷን እንደ ለበሰች፣
ከጉድጓድ ምድጃው ላይ ቅጠል ስታነሣ፣ አየቻትና ቆመች።
እንደ አገሩ የይቅርታ ደንብ፣ ሰሌኑን ራሷ ላይ ጥላ፣
ሎሴ መሬት ቁጭ አለች። ተናገረች ተከልላ፦
«ስሚኝማ። የሰደብኩሽ እሑድ ማታ ነበር፣ እውነት።
ዛሬ ገና እሑድ ቀትር ነው። ስልኩ አልጮኸም። በቲኬት
ብንሄድ፣ እኔ እስካሁን ድረስ ምንም አላልኩሽምና፣
ሳይመሽ ቀድሜ መጣሁ፤ ያስቀየምኩሽ የለም ገና።»

ሲኤኒ የጎደሬ ልጣጭ ጥላ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣
«ለእኔ ቅዳሜ ነው» አለች፣ «ዐይኔን ሳልከድን እስኪነጋ።»

ዝም ተባለ። ዶሮ አለፈች። ከጎረቤት መዝሙር ይሰማል።
ከሰሌኑ ሥር ይሞቃል።

በመጨረሻ ጫፉን ገልጣ፣ የእህቷን ክንድ ስባ ዝቅ ብላ፣
ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ የራሷን። ሰባት ከዐሥር ነው። ሌላ
የለም። «አላስተካከልሽውም?»
«ምኑን? አይለያይም።»
«እማማስ... ስንት ሰዓት ነበር?»
«ሌሊት፣ ዐሥር ከሩብ።»
«እኔም ጋ ዐሥር ከሩብ።»

ሎሴ ሰኞ ተነሥታ ማክሰኞ አገሯ ገባች።
ድንጋይ ጠራቢውን ሎማን ከነመሮው አስጠራች።
«ዘጠኙን ፋቅልኝ» አለችው። «ስምንት ልበል ታዲያ?» «ተው።
‹ሌሊት ዐሥር ከሩብ› በል፤ እሱ ነው የምናውቀው።»
«የስንት ቀን?» አለ ሎማ።
ፀሐዩ በርትቷል። ድንጋዩ ይግላል።
መዶሻውን እንዳነሣ
መልስ ይጠብቃል።