አምስተኛው ነጥብ

«አንድ አይሸጥም ጋሼ» አለኝ ሙክታር፣ «ብቻውን አይከርምም፤
ዜብራ ፊንች ያለ ጓደኛ ቢበላም አይጠግብም።
ጉንጩ ብርቱካን የመሰለው፣ እሱ ነው ወንዱ፤
ግራጫዋ ሴቷ ናት። በሉ፣ ሦስታችሁም በሰላም ሂዱ።»

የጫማ ካርቶን አቅፌ፣ በምስማር የተበሳሳ፣
ሁለት ትንንሽ ልብ ይዤ ወረድኩኝ ከፒያሳ።
ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ጆሮዬን ካርቶኑ ላይ ለጠፍኩ፤
ምንም የለም። ሞቱብኝ? አልኩ።

አልሞቱም። ጆሮዬ ነው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከማተሚያው ግድግዳ ማዶ
አራሚ ሆኜ ስሠራ፣ ማሽኑ ቀንም ሌትም ነጉዶ፣
ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ከጆሮዬ ለቅሞ ወስዶ፣
የተወልኝ ወፍራሙን ነው፦
የአውቶቡስ ጡሩምባ፣ የብረት በር፣ የዘበኛውን ሳል።

ባሻ ወልዴ ችሎት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሰባ ሁለት ደረጃ።
የያብስራ እናት ልብስ ስታሰጣ ካርቶኑን አየችብኝ፤
«ራስዎን መቼ ቀለቡና ነው ወፍ?» ብላ ሳቀችብኝ።

በያጁ ሙሉሰው የሽቦ ቤት ሠራልኝ፣ ቁመቱ አጭር፣ ጎኑ ሰፊ።
እነሱ ወደ ጎን ነው የሚበሩት፤
ሽቅብ መውጣት የእኔ ዕጣ ነው።

የሙክታር ትእዛዝ ብዙ ነበር፦
ከመስኮት ነፋስ ራቅ፣ ከኮሪደር የከሰል ጭስ ራቅ፤
ዳጉሳው ሙሉ ቢመስልህ ገለባ ነው፣ እፍ በለው፣ እወቅ፤
የእንቁላል ቅርፊት አምሰህ ወቅጥ፣
ውሃቸውን ጠዋት ጠዋት ለውጥ፤
«ጎጆ ግን አታስገባ። ገና ልጆች ናቸው፤ ይቆይ።»
ሁሉንም ሰማሁ፣
ይህችን የመጨረሻዋን ሲቀር። ጆሮዬ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ፈሩኝ። እጄ በገባ ቁጥር
ከሽቦ ሽቦ ይላተማሉ።
ወንበሬን በር አጠገብ አደረግሁ፣
በቀን አንድ ስንዝር አስጠጋሁ።
እጅ ላይ የሚቆም ወፍ አይደለም ይሄ፤
የሚለምደው ዓይንህን ነው።

ከሥራቸው የድሮ ጋዜጣ አነጥፋለሁ።
ጠዋት ላወጣው ስል ግን እጄ ይዘገያል፦
ኩሳቸው መሃል አንድ «ሀ» በ«ሐ» ቦታ ቆሟል፤
እስክሪብቶዬን አምጥቼ አከብበዋለሁ፣
ከዚያ እጥለዋለሁ።

ያብስራ ሰባት ዓመቱ ነው። «ዜብራው የታለ?» አለ፤
ጭራውን አሳየሁት። ነጭ በጥቁር፣ ጥቁር በነጭ፤
አራት ኪሎ ማቋረጫው ላይ ጎማ ከበላው ይልቅ
ይሄኛው ይነበባል።
«ምን ይላሉ?» አልኩት። ጆሮውን ሰጠ፣ ቆየ፤
«እንደ ሕፃን ጫማ ነው፤ ሲረግጡት ጢጥ ጢጥ እንደሚል።»
ከዚያ ቀን ወዲህ የወንዱ ጉሮሮ ሲንቀጠቀጥ ባየሁ ቁጥር
አንድ ሕፃን ቤቴ ውስጥ መራመድ ይጀምራል።

መብራት በሄደ ማታ ነጠላ አለበስኳቸው።
ጎጆውንም ያን ማታ ነው ያስገባሁት፤
ከቅርጫት የተሠራች፣ ከቡጢ የማትበልጥ። ሣርም ጨመርኩ።

ሰኞ አንድ እንቁላል፤ የጣቴን ጥፍር ታክላለች።
ማክሰኞ ሁለት። ሁለት ነጥብ አልኩ፣
ድሮ እያንዳንዱን ቃል ከጎረቤቱ የምንለይበት።
ረቡዕ ሦስት፤ ለሦስት ስም አጣሁላቸው።
ሐሙስ አራት ሆኑ፣ ሁለት በሁለት፣ ሣሩ ላይ ተደርድረው፤
አራት ነጥብ! ዓረፍተ ነገሩ አለቀ አልኩ።
ያን ሌሊት እንደ ሥራዬ ዘመን፣
ገጹን ፈርሜ እንደሰጠሁ ሰው ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት አምስት።

አምስት ነጥብ በየትኛው መጽሐፍ አለ?
እጄ ቀይ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሴ ገባ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደ እጅ።
ሴቷ ከጎጆዋ አፍ ላይ አንገቷን አስግጋ አየችኝ።
ወንዱ ጉሮሮው ይንቀጠቀጣል።

ያብስራን ጠራሁት። «ምን ይላሉ?»
ጆሮውን ሽቦው ላይ አድርጎ ከወትሮው ይልቅ ቆየ፤
«ገና ነው ይላሉ» አለኝ።

ሰምቶ ይሁን ፈልስፎ እኔ አላውቅም።
አላረምኩትም።