ውብ ምን ይሸታል?

«የሐዋሳ ሐይቅ ውበቱ ልዩ ነው» ብዬ ነበር ድርሰቴን የከፈትኩ፤
መምህር ላንቃሞ «ውበቱ»ን በቀዩ ሰረዘው።
«ውብ ምን ይሸታል?» አለኝ። ዝም አልኩ።
«ሂድ አሞራ ገደል፤ ዓሣ ሲበለት ቆመህ እየው።»

ጎህ ሲቀድ ሄድኩ። ጀልባዋ ገና ውኃ ታንጠባጥባለች፤
መረቡ ላይ የቀረ ቆሮሶ
አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣
ቃል እንደጠፋው ሰው።
አባ ኮዳ መላጣውን አጎንብሶ፣
ካፖርት የደረበ ጡረተኛ መስሎ ተራውን ይጠብቃል።

አልታዬ የቢላዋውን ስለት በጥፍሩ ሞከረ።
«ከየት ነው የምትጀምረው?» አልኩት።
«ከራሱም አይደል፣ ከጭራውም፤
ከጆሮው ሥር፣ ከሚተነፍስበት።
ከዚያ አጥንቱን ይዘህ ቀስ እያልክ መውረድ ነው።
አጥንቱን ከለቀቅህ
ሥጋው ይበጫጨቃል፣ በላተኛውም ይታነቃል።»
ይህን ሲል ቀና እንኳ አላለም፤
ቅርፊት ደብተሬ ላይ ተፈናጠረ፣
አልጠረግሁትም።

ማታ በሻማ (መብራት ጠፍቶ ነበር)
«ሐይቁ»ን ትቼ ከዓሣው አፍ ጀመርኩ፤
አጥንቱን ይዤ ወረድኩ፦
ቢላዋው፣ ደም ያረገዘው ጣውላ፣
የአልታዬ ግራ እጅ፣
አራት ጣት ብቻ፤
አምስተኛዋ የት ቀረች ብዬ
ሳልጠይቀው የመጣሁት።
ከዚያ ፈራሁ መሰለኝ፣
«ስለዚህ ሥራ ሁሉ ክቡር ነው» ብዬ ደመደምኩ።

መምህር ላንቃሞ ገጹን አሸተተው፣ ሳቀ።
ቀዩን እስክሪብቶ ወደ ኪሱ ሊመልስ ሲል
የመጨረሻዋ መስመር ላይ ዓይኑ ወደቀ።
«ይህቺ ሆድ ዕቃ ናት» አለ፣
«ለአባ ኮዳ ጣላት።»

ጣልኳት።
ድርሰቴ የሌለችው ጣት ላይ ቆመ።