ማዕዘኑ የተቀደደ ትኬት

ጉንቮርን የጣላት ማዕበል አይደለም፤
ሠላሳ አንድ ዓመት መርከብ ላይ ስትቆም፣
ትኬት ስትቆጣጠር፣ ባሕሩ ሲያዘልላት፣ አንዴም አልወደቀችም።
የጣላት ደጃችን ነው፤ ከፖስታ ሣጥናችን ሥር
መዳፍ የማታህል የበረዶ ግግር።

ቀኝ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ቦዶ ሆስፒታል ተኝታ፣
ሐኪሟ ብረት አስገባች፣ አጥንት ገጥማ፣ ሥጋ ሰፍታ።
ከዚያ ወጣችና በጣቷ ቆጠረችልኝ፦
«እግሯ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ባቷ ቢያብጥ ይንገሩኝ።
የረጋው ተነቅሎ ሳንባዋ ሊደርስ ይችላል።
ቁስሉ መግል እንዳይዝ፣
ተረከዟን ፍራሹ እንዳይበላው...»
እኔ ጡረታ የወጣሁ መካኒክ ነኝ። «ብረቱ ይዝጋል ወይ?» አልኳት።
«አይዝግም» አለችኝ።
በሱ ተጽናንቼ የመጨረሻ ጣቷን ሳልሰማ ቀረሁ።

በሁለተኛው ሌሊት፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ዓይኗን ገለጠች፤ አየችኝ፤ ግን እኔን አልነበረም የምታይ።
የአልጋውን ብረት እንደ መርከብ ድጋፍ ጨብጣ ይዛለች።
በዚያ በድሮ የሥራ ድምፅዋ «ትኬት!» አለች።
«ጉንቮር፣ እኔ ነኝ፣ ኦድቫር።»
«ባሌም ኦድቫር ይባላል፤
እሱም ቢሆን ይከፍላል።»

ነርሷ፣ ገና ልጅ፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ
«አይከራከሯት» አለችኝ፤ «መነጽሯን ያድርጉላት፤ ያልፋል።»

ኪሴን ዳበስኩ። የመኪና ማቆሚያው ወረቀት ብቻ ነበረ።
ሰጠኋት።
ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው፣ አገላበጠችው፣
እንደ ልማዷ ማዕዘኑን በጥፍሯ ቀደደችው።
«ይቀመጡ፣ አባቴ» አለች። «ባሕሩ ዛሬ ከፍቷል፤
ስንደርስ እቀሰቅስዎታለሁ።»

ተቀመጥኩ።
ሃምሳ ሁለት ዓመት «አንተ» ስትለኝ የኖረች ሴት
አንቱ አለችኝ።
ለማታውቀው ሰው እንዲህ ደግ መሆኗን
አላውቅም ነበር።

ጧት ምንም አታስታውስም። ምድጃውን አጥፍቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።
ሁለት ሰዎች ደግፈው አቆሟት፤
አንድ እርምጃ፣ ሁለት፤ በሦስተኛው ተሳደበች፤
እኔ ደስ አለኝ።
ከሰዓት በኋላ ቀኝ ባቷን በሜትር ለኩ፤
ከትናንቱ በሁለት ሳንቲ ሜትር በልጧል።
ነገ በመሣሪያ ይታያል አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

ማታ ስወጣ የማቆሚያው ማሽን ወረቀቴን ተፋው።
ደግሜ አስገባሁት፤ ደግሞ ተፋው።
ከኋላዬ ጥሩምባ ተነፋ።
ጥበቃው መጣ፣ ወረቀቱን ገልብጦ አየና፣
«ማነው የቀደደው?» አለኝ።
«ተቆጣጣሪዋ» አልኩት።