ሦስት ተኩል በመቶ

ወረቀት ፋብሪካው በሩን ከዘጋ ወዲህ
የኬሚ ክረምት ሌሊቱ ረዘመ፣ ወይም እኔ ቆጠርኩት እንዲህ።
ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት አበራለሁ፤
ሁለት ካልሲ ደርቤ አርባ ሦስት ፕላኔት አስተዳድራለሁ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሒሳብ ሹም ነበርኩ፤
የግንድ፣ የክሎሪን፣ የትርፍ ሰዓት ወጪ ስደምር ኖርኩ።
ዛሬ የምደምረው የጨረቃ ግብር፣
የጋዝ ማጣሪያ ኪሳራ፣ የመርከብ ብድር።
ዘጠኝ ቢሊዮን ሕዝቤ በየቀኑ ይበላል፤
ጦሩ ቆሞ ሲውል እንኳ ነዳጅ ይጠጣል።
ወጣቶቹ ተጫዋቾች ይህ አይታያቸውም፤
መድፍ ይቆጥራሉ እንጂ ጎተራ አይቆጥሩም።

አንዱ በመስከረም ስድስት መቶ መርከብ አሰልፎ መጣ።
አንድ ጥይት አልተኮስኩም።
ብረት የምሸጥለትን ውል ቀድጄ፣ እጄን አጣጥፌ ጠበቅሁት፤
በአሥራ አንደኛው ተራ ለወታደር የሚከፍለው አጣ።
መርከበኞቹ ሰንደቃቸውን ጠቅልለው ወደ እኔ ከዱ፤
ውዝፍ ደመወዛቸውን ቆጥሬ ሰጠኋቸው፣ ገና ከመሰላሉ ሲወርዱ።

ምሥራቁ ግን ሌላ ነው።
እዚያ ያለው መንግሥት ስሙ «ጥቁር ሸምበቆ»፣
ዓርማው አንድ ዓሣ ነው፣ ጅራቱን ሰብቆ።
ባለቤቱን አውቀዋለሁ። አህቲ ይባላል፤
የእናቴ ልጅ ነው፣ ሦስት መንገድ ወዲያ ይኖራል።

ከተኳረፍን ዘጠኝ ዓመት።
ሰበቡ የአባታችን ጀልባ ናት፤
ሳያማክረኝ ሸጣት፣ ሞተሯን ለአንዱ፣ አካሏን ለሌላው።
ከተማዋ ጠባብ ናት፤ ዳቦ መደርደሪያው ጋ ስንገጣጠም
እርሱ አጃውን ያያል፣ እኔ ስንዴውን፤
ድንበራችንን አክብረን እናልፋለን።

በጨዋታው ውስጥ ግን አምባሳደር አለን።
«ለበረዶው ቀለበት ንግሥት» ይላል ደብዳቤው፣
«ታሪፉ ከአራት በመቶ ወደ ሦስት ዝቅ ቢል…»
«ለተከበሩ ጎረቤት» ብዬ እመልሳለሁ፣
«ሦስት ተኩል። ከዚያ በታች ምክር ቤቴ አይፈቅድም።»
ምክር ቤት የለኝም። ድመት አለችኝ።
በግማሽ በመቶ ስድስት ሳምንት ተከራከርን፤
በዘጠኝ ዓመት ካወራነው ይልቅ በዚያ አወራን።
በመካከላችን ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠው
የታሪፍ ሠንጠረዥ ነው።

በጥር አጋማሽ የሸምበቆው አኃዝ ተዛነፈ።
ጠላት አልወረረው፣ ኮከቡ አልከሰመ፤
ግን ሦስት ተራ ሙሉ ትእዛዝ ሳይሰጥ አለፈ።
እህሉ በየፕላኔቱ ቀለጠ፤ ወደቦቹ ደረቁ።
ወዳጆቼ «አሁን ነው፣ ጠቅልይው» እያሉ ጻፉልኝ፤
ካርታ እንጂ ሒሳብ አያነቡም።
እኔ አነባለሁ። ገቢና ወጪው እኩል ቀን ላይ ሲቆም
ፋብሪካው አይደለም የታመመው፣ ሰውዬው ነው።

አርባ የእህል መርከብ ጫንኩለት።
ማሽኑ «ዋጋ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ዜሮ ጻፍኩበት።
በሥራ ዘመኔ «ስጦታ» የሚል መዝገብ ከፍቼ አላውቅም፤
ጣቴ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ።

ከዚያ ቦቲዬን አጠለቅሁ።
ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት፤ ትንፋሼ ሻርፔ ላይ ጨው ሆነ።
በደጁ ያለውን በረዶ የጠረገ የለም፤
በእግሬ መንገድ ሠራሁ፣ አንኳኳሁ፣ ቆየሁ፣ ደገምኩ።
ወለሉ ላይ የሚጎተት ነገር ሰማሁ፤
በሩ ሲከፈት አህቲ ቆሟል፣ እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ፣
ጢሙ አድጎ፣ አባታችንን መስሎ።

ብዙ አየኝ።
«ሦስት ተኩል ይሁን» አለ።
«ምክር ቤቴን ልጠይቅ» አልኩት፤ ከዚያ ገባሁ፣
ድንች የሚልጥ ሰው እንደሌለ ከጓዳው አየሁ።

ስለ ጀልባዋ አሁንም አልተስማማንም።
መርከቦቼ ግን መንገድ ላይ ናቸው፤
ለመድረስ ሁለት ተራ ይቀራቸዋል።