የማትደርቀዋ

ሞራግ፣ የአይጦቹን ሳጥን አጣቢ፣ የምድር ቤታችን እመቤት፣
ባንድ አምፖል ስር አደርን ስንቱን የክረምት ሌሊት፤
እኔ ቪዲዮ ስቆጥር፣ አንቺ ገለባ ስትለውጪ፣
ደንዲ ላይ ዝናብ ሲወርድ፣ ቴይ ወንዝ ሲያጓራ በውጪ።

ሕጉ አጭር ነበረ፦ ደወሉ ይጮኻል፣
ከደወሉ ኋላ ንዝረት እግር ይነክሳል።
በማግስቱ ደወል ብቻ፤ ያኔ ክው ብሎ የቀረ፣
ጢሙ እንኳ ያልተነቃነቀ፣ “ፈራ” ተብሎ ሰፈረ።
ወንዶቹ ደረቁ፤ እኔም ጻፍሁ፣
በየሰከንዱ ደመርሁ።
ሴቶቹንማ ማን አስገባቸው!
“በአራት በአምስት ቀን ይለዋወጣል ደማቸው፣
ጥናት ያበላሻሉ” ይሉ ነበር ቀዳሚዎቼ፤
እኔም አምኜ ኖርሁ፣ ሴት ሆኜ፣ ቀኔን ቆጥሬ በጣቶቼ።

ዘንድሮ ገቡ። ደወሉ ጮኸ።
አንዷ አልደረቀችም፤ ተፈተለከች፣
ከጥግ ጥግ እንደ ተወረወረ ጠጠር ነጠረች።
ወረቀቴ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም፣
“አልፈራችም” ብዬ ጻፍሁ። ዜሮ። ሌላ ምንም።

አንቺ በትከሻዬ አሻግረሽ አየሽና፣
መጥረጊያሽን ግድግዳ አስደግፈሽ ዝም አልሽና፣
“ይቺ እኔ ነኝ” አልሽ።

“ቤታችን ሲነድ፣ እናታችን ከውስጥ ስትቀር፣
ሩሪ ወንድሜ እንደ ግንድ ቆመ፣ አቃተው መናገር።
ከዚያ መጠጥ ቤት ገባ፣ ወደቀ፣ ሰዎች አነሱት፣
ለሕመሙ ስም ወጣለት፣ አልጋም ሰጡት።
እኔ በሳምንቱ መጋረጃ ሰፋሁ፣
የጎረቤት ደረጃ ሳይቀር ጠረግሁ፣
ሁለት ፈረቃ ሠራሁ። ‘ብርቱ ናት፣ ቻለችው’ አሉ።
ቁጭ ብል እሳቱ ይመጣ ነበር እኮ፤ ይህን መች ያውቃሉ?
አንድ ጊዜ አንዲት ነርስ መጣች፣ ቅጽ ይዛ፣ በትሕትና፦
‘በቀን ስንት ብርጭቆ?’ አለችኝ። ‘ምንም’ አልኋት።
አልዋሸሁም።
ቮድካውን የምጠጣው በሻይ ኩባያ ነዋ።”

ሳቅሽ። እኔ አልሳቅሁም።

ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለስሁት። ደወል። ሩጫ።
ዜሮውን ሰረዝሁና አዲስ ዓምድ አሰመርሁ፣
ስም ግን ወዲያው አልመጣልኝም፤ ባዶውን ተውሁ።
አንቺ ባልዲሽን አንስተሽ ወጣሽ።
ርምጃሽ ፈጣን ነው፣ ሁሌም ፈጣን ነበረ፤
ኮሪደሩ እስኪያልቅ ድረስ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ፣
ቆጠርሁት።